ጥርሱ ያላለቀ ጎማ

የእህቴ ባል ማንደፍሮ ጎማ ያውቃል። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እንግዳ ካለ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ሞጆ መንገድ ዳር አሥራ አንድ ዓመት ጎሚስታ ሆኖ ሠርቷል። የጅቡቲ ከባድ መኪና ገና ሳይቆም የትኛው ጎማው እንደተነፈሰ በድምፁ ይለይ ነበር አሉ። የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ውኃ ውስጥ ሳይነክር፣ ጉንጩን ብቻ አስጠግቶ፣ ቀዳዳውን ያገኝ ነበር። ይሄኛው እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ጉንጩ ሰፊ ነው።

አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከእህቴ ከእሌኒና ከልጃቸው ከረሆቦት ጋር ሆላንድ፣ ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ አን ደን አይሰል ይኖራል። ቭላርዲንገን ወደቡ አጠገብ አንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። እሁድ ከሰዓት ደግሞ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይታ የምታመልክ የአርባ ሰው ጉባኤ ሽማግሌ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ስብከት ሲረዝም በግልጽ ሰዓቱን የሚያይ እሱ ብቻ ነው። እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት አበባይሽ ነኝ። አምስተርዳም ኒው ዌስት እኖራለሁ፣ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ እነሱ ዘንድ እውላለሁ። ማንደፍሮን አልወደውም። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ አልወደውም፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ያንን እያሰባችሁ ስሙኝ።

ሰውየው ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነው። ሆላንዶች በእሱ ዓይን ፈሪዎች ናቸው፤ መኪናቸው ሳይበላሽ ጋራዥ የሚወስዱ፣ ጥርሳቸውን ሳያማቸው የጥርስ ሐኪም ቤት የሚሄዱ ሕዝቦች። ከጉባኤ ስንወጣ ምዕመኑ ሁሉ ወደ መኪናው ሲሄድ እሱ በየመኪናው ሥር ይዞራል። ጎማ በጫማው ይመታል፣ ጣቱን በጎማው ጥርስ መሐል ያስገባል፣ ላልጠየቀው ሰው ፍርድ ይሰጣል። «ይሄ ገና ሁለት ዓመት ይሄዳል» ይላል፣ ልክ እሱ ያመረተው ይመስል። አንዲት እህት ጎማዋን ባስቀየረች ሳምንት ገንዘብሽን ገደል ከተትሽ ብሎ በሰው ፊት አሳፍሯታል። እሷም እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌ ነዋ።

በወረርሽኙ ዓመት ሁሉም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዳቦ ሲጋግር እሱ ካምፐር መግዛት አማረው። ካምፐር ማለት እዚህ አገር ጡረተኞች የሚዞሩበት፣ አልጋም ምድጃም ያለው መኪና ነው። የሸጠለት ሰው ዴን ሃግ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት አዛውንት ነበር። ረሆቦት ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለማስተርጎም ይዟት ሄደ። አዛውንቱ የሃያ ዓመት ደረሰኝ በአቃፊ አስረክበውት ሲያበቁ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ጎማዎቹ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ሩቅ ከመሄድዎ በፊት ቢቀይሯቸው ይሻላል። ረሆቦት ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ገብቶኛል አላት። የገባው ግን ሌላ ነው። የገዛ ዕቃውን የሚያጣጥል ሻጭ በዕድሜው አይቶ ስለማያውቅ ሽማግሌው ጃጅቷል ብሎ ደመደመ። ይህንን ታሪክ በጉባኤ እራት ላይ እያስመሰለ አምስት ጊዜ ተርኮታል፣ አምስቱንም ጊዜ ተስቆለታል። አንዱን ጊዜ እኔም ስቄያለሁ።

መኪናው ሰፈር ውስጥ ከሦስት ቀን በላይ እንዲቆም ማዘጋጃ ቤቱ አይፈቅድም። ስለዚህ ከቭላርዲንገን ጀርባ አንድ ገበሬ ዘንድ፣ ጣራ የሌለው ሜዳ ላይ ቦታ ተከራየ። አፍንጫውን ሁልጊዜ ወደ መውጫው አድርጎ ያቆመዋል። ለምን ብትሉት በፍጥነት ለመውጣት ይላል፤ ወዴት እንደሚቸኩል ግን እግዜር ይወቀው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ቤልጂየም፣ ሁለት ጊዜ ዜላንድ ባሕር ዳር ሄዷል። ከዚያ ውጭ ቅዳሜ ቅዳሜ እሌኒ የቋጠረችለትን ይዞ ይሄድና ሜዳው ላይ በቆመው መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ በመስኮቱ የገበሬውን ላሞች እያየ በልቶ ይመለሳል። ይህንን ዕረፍት ይለዋል።

መኪናው እንዲህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ክብደቱን ጥሎ ሲቆም፣ የግራ ጎኑ የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው፣ ጎማዎቹ ጎን ጎናቸው ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ አወጡ። ማንደፍሮ አይቶታል። ጎሚስታ አይደል፣ እንዴት አያየውም። መድኃኒቱን ደግሞ ወዲያው አገኘለት፦ ቫዝሊን። እናታችን የተሰነጠቀ ተረከዛችንን የምታክምበት፣ ለከንፈር፣ ለክርን፣ ለሁሉ ነገር የሚሆን ያ ቫዝሊን። እህቴ ትልቁ ቆርቆሮ በወር ለምን እንደሚያልቅ ግራ ገብቷት ረሆቦትን ትጠረጥር ነበር። እሱ ለካ በጨርቅ እየዛቀ አራቱንም ጎማ ያሻል። ስንጥቁ ይጠፋል፣ ጎማው ጥቁር ሆኖ ያበራል፣ እሱም ፎቶ አንስቶ ይልክልናል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይሄ ሁሉ ሲስቁበት የሚውሉት ሞኝነት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ረሆቦት መንጃ ፈቃድ ባታወጣ። ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው፣ ሮተርዳም ትማራለች። በመጋቢት ፈተናውን አለፈች። አባቷ በደስታ ፊኛ ሆኖ በጉባኤ ፊት ቃል ገባ፦ ሐምሌ ላይ ደቡብ ጀርመን ለሚደረገው የወጣቶች ኮንፈረንስ ረሆቦትና ሦስት ጓደኞቿ በእሱ ካምፐር ይሄዳሉ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በበጋ ሙቀት፣ አራት ሴቶች ልጆች ከነሻንጣቸው። ጭብጨባ ሆነ። የሦስቱ ልጆች እናቶች ጌታ ይባርክህ እያሉ እጁን ጨበጡት።

ረሆቦት ግን ለመንጃ ፈቃዱ የተማረችውን የምታምን ልጅ ናት። ገበሬው ዘንድ ሄዳ ጎንበስ ብላ የጎማውን ጎን በስልኳ አነሳች። በሚቀጥለው እሁድ ምሳ ላይ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አራት ቁጥር ተቀርጿል፦ 3113። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ፤ በፈረንጆቹ 2013 ዓ.ም. ሠላሳ አንደኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ጎማ ነው አለች። ተጠባባቂው ጎማም ያው ነው። «ፓፓ፣ እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር» አለችው።

ማንደፍሮ እጁን ታጥቦ ጨረሰ። ከዚያ እንደሚያስተምር ሰው ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ። ጎማ እንደ ወተት ቀን አይነበብበትም አለ። ጎማ የሚያልቀው በጥርሱ ነው፤ ጥርሱ እስካለ ጎማው አለ። ቁጥሩን ፋብሪካዎች የጻፉት ቶሎ ቶሎ እንድንገዛ ነው። እሱ በእጁ አሥር ሺህ ጎማ አገላብጧል፤ እሷ ስንት አገላብጣለች? ረሆቦት በሆላንድኛ «ማር ፓፓ»፣ ግን እኮ አባዬ፣ ብላ ልትቀጥል ስትል እናቷ ዳቦ አቀበለቻት። በዚህ ቤት ዳቦ ሲቀበሉ ዝም ማለት ነው።

እኔም እውነቱን ለመናገር ማን ልክ እንደሆነ አላወቅኩም። ብቻ ማንደፍሮ ከሆነ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። በማክሰኞው ልጅቷን ኒው ዌስት ቤቴ አጠገብ ወዳለ ጎማ ቤት ወሰድኳት። ባለቤቱ ቱርክ ነው፣ ሥራውን የሚያከብር፣ ብዙ የማያወራ። ፎቶዎቹን አጉልቶ አየና የእንዲህ ያለ መኪና ጎማ የሚሞተው ቆሞ ነው አለን። ትንሽ ስለሚነዳ ጥርሱ አያልቅም፤ ላስቲኩ ግን በውስጥ ይደርቃል። ክብደት፣ ፀሐይና መቆም ይበሉታል። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይገባል፤ ጎኑ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ወይም እብጠት ካለ ዕድሜው ምንም ይሁን ይወጣል፤ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ስለ ጥርሱ ማውራት አያስፈልግም፣ ይጣላል። ከዚያ ለምን እንዲህ እንደሚያበራ ጠየቀን። ረሆቦት ስለ ቫዝሊኑ ስትነግረው ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳቀና የተቆለለ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ሳቁ ሲያልፍለት ፊቱ ተለወጠ። ቫዝሊን ላስቲክን ያለሰለሰ መስሎ ይበላዋል፣ ሰውየው ስንጥቁን እያከመ ሳይሆን እየቀለበ ነው ያለው አለን። ልጆች ይዞ እንዳይወጣም ነገረን።

እንግዲህ ሁሉን አወቅን። የቀረው መናገር ነበር። ለእሌኒ ነገርኳት። እህቴ ድስቱን እያማሰለች ሰማችኝና እሱን በዚህ ነገር አትንኩት አለችኝ። እዚህ አገር ማንም ምንም አይጠይቀውም፤ አለቃው የልጁ እኩያ ነው፤ ቋንቋውን ልጁ ታርመዋለች፤ የቀረችው ያቺ ጎማ ናት አለች። እንግዲህ አንድ ሰው ኩራት እንዳይቀርበት አራት ልጆች በአሮጌ ጎማ ይሂዱ ማለት ነው። ይህንን አልኳት። ድስቱን ከደነችው።

በግንቦት መኪናውን ለዓመታዊው ምርመራ፣ አፔካ ለሚሉት፣ ወሰደው። አለፈ። ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ፤ በየቴሌግራሙም ላከው። እውነት ነው፣ ሕጉ የጥርሱን ጥልቀት እንጂ ዕድሜውን አይጠይቅም። ረሆቦት ግን ወረቀቱን እስከ ታች አነበበችው። መርማሪው በመጨረሻው መስመር ጎማዎቹ ያረጁና የተሰነጣጠቁ ስለሆኑ እንዲቀየሩ እመክራለሁ ብሎ ጽፎ ነበር። ማንደፍሮ ይሄ ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም አለ። ለሚስቱና ለልጁ ምክር ሲሰጥ ግን ሕግ ነው።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ፓስተር ብዙነህ ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም ወደ ግቢው እንድንወጣ ጠየቁን። ካምፐሩ ታጥቦ፣ ጎማው ተወልውሎ ቆሟል። ጉባኤው ከበበው፣ እጁንም ጫነበት፤ የበር እጀታ የደረሰው እጀታውን፣ ጎማ የደረሰው ጎማውን ይዞ ጸለየ። እኔ የኋላ ግራው ጎማ ደረሰኝ። በደምህ ሸፍነው ሲባል አሜን አልኩ፤ እጄን ሳነሳ መዳፌ በቫዝሊን ረጥቧል። ፓስተሩ በጉዞው ነገር ልቡ የከበደው ሰው ካለ ይናገር፣ አብረን እንጸልይበታለን አሉ። የልጆቹ እናቶች አጠገቤ ቆመዋል። ቱርኩ ያለኝ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ መዳፌን በመሐረብ ጠረግኩ። ሽማግሌን በጉባኤ ፊት ማሳፈር ነውር ነው አልኩ ለራሴ፣ እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጀርባው ሳማው የኖርኩ። ያን ቀን የናቅኩት ሰው አንድ ብቻ አልነበረም።

የተናገረችው ረሆቦት ናት። ክንዷን አጣምራ ነበር የቆመችው።

«ጎማው ካልተቀየረ እኔ አልነዳም። ጸሎቱ ይቀጥል፣ እኔ ግን አልነዳም።»

መኪናውን የከበበው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የማንደፍሮ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። ድምፁን ሳያነሳ፣ ለልጁ ሳይሆን ለፓስተሩ መለሰ። በሚመጣው ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ በዚህ መኪና ዴን ሃግ ደርሶ ይመለሳል፤ የሚሞት ከሆነ እሱ ይሙት፤ በሰላም ከተመለሰ ግን ልጅቷ አፏን ይዛ ትነዳለች። ማንም ተው አላለውም። ይልቁንም አንድ ሁለት ሰው አሜን አለ።

ቅዳሜ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነበር። ረሆቦት አልገባም ብላ በሜትሮ ዴን ሃግ ሄዳ ልትጠብቀን ወጣች። እኔ ለምን እንደገባሁ ብትጠይቁኝ እህቴ ስለገባች ነው። እሌኒ ቀሚሷን ሰብስባ ፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ ትንሿ ጠረጴዛ አጠገብ ቀበቶዬን አሰርኩ። ማንደፍሮ ያፏጫል። ሮተርዳምን እንደወጣን መንገዱ ተከፈተና ዘጠና፣ ከዚያ መቶ ደረሰ። ዴልፍት አካባቢ አስፋልቱ ውኃ ያረፈበት መስሎ ያብረቀርቅ ነበር። ሁለት ጊዜ በመስተዋት አየኝና አሁንስ ምን ትያለሽ አለኝ።

መጀመሪያ የመጣው መንቀጥቀጥ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ እየተራመደ ወደ ጫፍ ሄደ። ከዚያ ከሥሬ አንድ ነገር ፈነዳና ወለሉን ከታች መታው፤ መኪናው ወደ ግራ ተጎተተ። እሌኒ «ኢየሱስ» አለች፣ አንዴ ብቻ። የእጁን ሙያ አልነፍገውም፦ ማንደፍሮ ፍሬን አልነካም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፍጥነቱን በራሱ እንዲወርድ ትቶ፣ በከባድ መኪኖች መሐል ቀስ እያለ እስከ ቀኝ ዳር አመጣው። ወርደን ዞረን አየነው። ከኋላ ግራው ጎማ የጥርሱ ንጣፍ እንዳለ ተልጦ የመኪናውን ጎን ገንጥሎታል፣ የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ማስወገጃም በጥሶታል። የሳምንት እጣቢ አስፋልቱ ላይ እየፈሰሰ ሸተተ። በጸሎቱ ቀን እኔ እጄን የጫንኩበት ያ ቫዝሊን የተቀባ ጎማ ነው።

ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ማዶ ሣር ላይ ተቀምጠን የመንገድ እርዳታ ጠበቅን። ቢጫ ልብስ የለበሰች ጠና ያለች ሴት መጣች። ቁጢጥ ብላ የቀረውን ጎማ በጨርቅ ጠረገች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ አንዴ ማንደፍሮን ቀና ብላ አየችው። የተላጠውን ንጣፍ ከመንገዱ ዳር ጎትታ አመጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ጥርሱ ሙሉ ነበር። ከመደብር የወጣ ይመስላል። ማንደፍሮም ቁጭ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው፤ ለረጅም ጊዜ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«ሞጆ ላይ ያረጀ ጎማ አይቼ አላውቅም። እስኪያረጅ የሚደርስ አልነበረም፤ ጥርሱ ቀድሞ ያልቃል።»

ሊያሳዝነኝ ምንም አልቀረውም ነበር። በዚያው ቅጽበት ግን ስልኬ ጮኸ፤ ረሆቦት ናት፣ ዴን ሃግ ባቡር ጣቢያ ቆማ የት ደረሳችሁ ትላለች። ድምፄን ስትሰማ ገባት። ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ሐዘኔታዬን ወደ እሷ አዞርኩት።

ሰኞ ዕለት አምስት አዲስ ጎማ አስገባ፣ ተጠባባቂውን ጨምሮ። ልጆቹ ሄዱ፣ በሰላም ተመለሱ፣ ድምፃቸው በመዝሙር ዘግቶ። ማንደፍሮ በጉባኤ ቆሞ መሰከረ፤ ጠላት ሊያጠፋን አስቦ ነበር ጌታ ግን ጠበቀን አለ። ስለ ቁጥሩ አልተናገረም። ስለ ቫዝሊኑም አልተናገረም። በእሱ ምስክርነት ውስጥ ጎማውን ያስረጀው ሰይጣን ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ሰውየውን ትቼው ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ረሆቦት ደወለችልኝ። አባቷ ሦስቱን የቀሩትን አሮጌ ጎማዎችና ተጠባባቂውን ጠቅልሎ ሮተርዳም ወዳለው፣ ወደ አገር ቤት ዕቃ ወደሚልከው የካርጎ ቤት ሊወስዳቸው ነው፤ ሞጆ ያለው ታናሽ ወንድሙ ሞገስ ሚኒባስ ይነዳል፣ መጠኑ ይሆነዋል ብሏል። እኔም ደብረ ዘይት ላለችው እናታችን የምልከው ካርቶን ነበረኝ፤ በዚያው መርከብ ይሄድልኛል ብዬ ካርቶኔን አቅፌ በባቡር መጣሁ። ደሜ እየፈላ ነበር የመጣሁት።

ስደርስ አራቱ ጎማ ሚዛኑ አጠገብ ተደርድሯል። በፕላስቲክ ጠቅልሎ የሞገስን ስም ጽፎበታል። ረሆቦት አጠገባቸው ቆማ ቁጥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ይታያል እያለች ታሳየዋለች። እሱ ደግሞ፣ እዚያ እንደዚህ በፍጥነት አይነዳም አላት፤ መንገዱ ሰው የሚበዛበት ነው፣ ከስድሳ አያልፍም፣ አዲስ ጎማ ደግሞ አገር ቤት በዋዛ አይገኝም፣ ከምንም ይሻላል። እኔ የሃያ ዓመት ንቀቴን ያን ቀን አወጣሁት፦

«ለልጅህ ያልሆነ ለሞገስ ልጆች ይሆናል? እዚያ ያለው ሰው አይደለም? አንተ አላወቅኩም እንዳትል አሁን አውቀሃል፤ አስፋልት ላይ ቁጭ ብለህ በጣትህ ዳስሰኸዋል። አንተ ወንድም ነህ? በሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው ይጫናል፤ ቆጥረሃቸዋል?»

የካርጎው ሠራተኛ ሳይቀር ዞሮ አየን። ማንደፍሮ እኔ ስናገር ሁሉ አንዱን ጎማ በእጁ እንደያዘ ነበር። ንግግሬ ጣፈጠኝ፤ ገና እቀጥል ነበር።

ረሆቦት በዚህ መሐል ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ ካርቶኔን ከእጄ ተቀብላ ሚዛኑ ላይ አወጣችው። ፕላስተሩ ከላይ ለቆ ነበር። ልትመልሰው ስትል እጇ ቆመ። አንዱን እሽግ አወጣች፣ ገልብጣ አየችው፤ ሁለተኛውን አወጣች፣ ሦስተኛውን። የደም ግፊት ኪኒን ነው። የምንከባከባቸው ሰዎች ሲሞቱ ቤተሰቦቻቸው ጣይው ብለው የሚሰጡኝ ነው፤ እኔ አልጥልም፣ እሰበስባለሁ፣ ለእናቴ እልካለሁ። አምስት ዓመት ልኬያለሁ።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ቀኑ አልፏል» አለችኝ። «ይሄኛው በአንድ ዓመት። ይሄ ደግሞ በሁለት።»

ትንሽ ነው ያለፈው አልኩ። ፋብሪካዎቹ ለጥንቃቄ ነው የሚጽፉት አልኩ። እዚያ ጭራሽ ከሚጠፋ ይሻላል አልኩ። እያንዳንዱን ስናገር በጆሮዬ እሰማው ነበር። ረሆቦት ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እሽጎቹን አንድ በአንድ መልሳ ደረደረችልኝ።

ማንደፍሮ ሊስቅብኝ ይችል ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር፣ እስከ ዕለተ ሞቴ እስቅ ነበር። እሱ ግን ካርቶኑን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ወደ ሠራተኛው ዞሮ የካርቶን መክፈቻውን ቢላ ለመነው። የመጀመሪያውን ጎማ መሬት ላይ አስተኛ፣ ፕላስቲኩን ገፈፈ፣ በጉልበቱ ተጫነው። ሙያው ነውና ጎኑ የት ጋ እንደሚሳሳ ያውቃል። ከዳር እስከ ዳር ተረተረው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንም። ማንም ጎሚስታ እንዳይጠግነው አድርጎ ነው የቀደደው። ሲጨርስ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። ቢላውን አጥፎ ለባለቤቱ መለሰና ልጁ ሳትነግረው ጎማዎቹን ለመጣያ መጫን ጀመረ።

እኔ ከግቢው ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። አምና የላክሁት አለቀ ወይ አልኳት። አላለቀም፣ እየቆጠብኩ ነው፣ በየጠዋቱ አንድ አንድ እየዋጥኩ ነው አለች። እሽጉን አምጪልኝና ከታች ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ አልኳት። መነጽሯን ስትፈልግ፣ መሳቢያ ስትከፍት፣ ስትዘጋ ይሰማኛል። ምኑን ነው የማነበው አለች። ቀኑን፣ እማዬ፣ ቀኑን አልኳት። ግራ በገባው ድምፅ መለሰችልኝ።

«ቀኑ ምን ያደርግልኛል? የላክሽልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»